ሁለቱ ወለተ ኪዳኖች

ሰው በቁጥር አይጠራም ብዬ የተከራከርሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈውን ጥፋት ማንም በሌላ ሰው ላይ እንዳይለጥፈው።

ወለላ እባላለሁ። ያን ጊዜ በሆስፒታል ላብራቶሪ የጽዳት ሠራተኛ ነበርሁ፤ በሥራው ዐሥራ አራተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። ሆስፒታሉን በስሙ አልጠራውም፤ ሰዎቹ ዛሬም በሕይወት አሉ። ትምህርቴ የመሠረተ ትምህርት ነው። ፊደል ቆጥሬ፣ ደብዳቤ ማንበብና መጻፍ ስችል አቆምሁ። የእጅ ጽሕፈቴ ግን ያምራል። ይህን የምለው ልመካ ብዬ አይደለም፤ ነገሩ የመጣው በእሱ በኩል ስለሆነ ነው።

መጀመሪያ ስገባ ላብራቶሪው ሰላማዊ ቤት ነበር። በቀን ዐሥር ሰው፣ ቢበዛ ዐሥራ አምስት ይመጣል። ሰገራ፣ ሽንት፣ የወባ ደም፣ ሌላ የለም። ብልቃጡን አጥቤ፣ ወለሉን ወልውዬ፣ ጊዜ ተርፎኝ ከግድግዳው ሥር ፀሐይ እሞቅ ነበር። ከዚያ ያ በሽታ መጣ። መጀመሪያ ስሙን አንጠራውም፣ "ያ ነገር" ነበር የምንለው። ሬዲዮው ኤች አይ ቪ ሲል ሲል እኛም አፋችን ለመደው። የሳንባ ነቀርሳውም ተከትሎት መጣ፤ የሚመረመረው አክታ ብቻ በቀን ሠላሳ ደረሰ። በ1998 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነጻ ይሰጣል ተባለና ተሸሽጎ የነበረው ሰው ሁሉ ወጣ። መውጣቱ ደግ ነው። መርማሪዎቹ ግን ያው ሁለት ነበሩ፤ የላብራቶሪው ኃላፊ ታረቀኝና ከኮሌጅ ከወጣች ዓመት ያልሞላት መቅደላዊት።

በዚያ ላይ ጥር ገባ። ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያለችው ጊዜ ካለፈች እስከ ፋሲካ ድረስ ማንም አያገባም። ቀሳውስቱ ደግሞ ያለ ደም ምርመራ ወረቀት ተክሊል አናደርስም ማለት ጀምረዋል። ስለዚህ የአካባቢው ሙሽራ ሁሉ በአንድ ወር ውስጥ ተጠራርቶ በራችን ላይ ይሰለፋል። በአንዱ አግዳሚ ወንበር ታማሚው፣ በአንዱ ሙሽራው። መቶ ሠላሳ ደም የተቀዳበት ቀን አለ። ታረቀኝ ምሳ የሚባል ነገር ረሳ፤ ዓይኑ በርበሬ መሰለ።

እጅ ሲያንስ እኔም ገባሁበት። ደም አልቀዳሁም፤ ብልቃጡ ላይ ፕላስተር እየለጠፍሁ መጻፍ ነበር ሥራዬ። ታትሞ የሚመጣው የሚለጠፍ ቁጥር ከጥምቀት በፊት አልቆ፣ የሚልክልን ጠፍቶ ነበር።

"እትዬ ወለላ፣" አለኝ ታረቀኝ፣ "ፕላስተር እየቆረጡ ከመዝገቡ ላይ ቁጥሩን ይጻፉበት። ቁጥሩን ብቻ።"

"ስሙንስ?"

"ስም አያስፈልገኝም።"

"ሰው ከብት ነው እንዴ በቁጥር የሚጠራው?"

"ከብትማ ስም አለው። ቦራ፣ ዳልቻ እየተባለ ነው የሚጠራው፤" ብሎ ሳቀብኝ። "ኧረ ይጻፉ እትዬ፣ ሰው በሩ ላይ ቆሟል።"

ጠዋት ላይ ጻፍሁ። ሠላሳ አንድ፣ ሠላሳ ሁለት። ከዚያ ሳየው አስጠላኝ። ባሌን ለብሔራዊ ውትድርና ሲወስዱት "ሃያ ሰባት!" ብለው ጠርተው ነው መኪና ላይ ያወጡት። አልተመለሰም። ቁጥር ስጽፍ ያ መኪና ይመጣብኛል። ስለዚህ ቁጥሩን ተውሁና በሚያምረው ጽሕፈቴ ስም መጻፍ ጀመርሁ። ታረቀኝ አየው፣ ተነፈሰ፣ ስሙን ከመዝገቡ ጋር እያመሳከረ ሠራ። ከእኔ ጋር የሚጨቃጨቅበት ጊዜ አልነበረውም። ይህን ስል ጥፋቱን ላካፍለው አይደለም።

ያን ሐሙስ ከዲማ አንዲት ሙሽራ መጣች፤ ፀደንያ የምትባል፣ የመሪጌታ ቢተው ልጅ። የምታገባው ዲያቆን ነው፤ እሷን በተክሊል አግብቶ ነው ቅስና የሚቀበለው። የያዘችው የደብሯ ደብዳቤ ለቤተ ክርስቲያን ጉዳይ የተጻፈ በመሆኑ ስሟ በክርስትና ስም ነበር የሰፈረ፤ ወለተ ኪዳን። እኔም ደብዳቤውን አይቼ ፕላስተሩ ላይ ወለተ ኪዳን ብዬ ጻፍሁ።

ሦስት ሰው ቆይቶ ሌላዋ ገባች። ባና ደርባለች፣ እግሯን ውርጭ ሰነጣጥቆታል፣ ሆዷ ሰባት ወር ይሆናል።

"ስምሽ ማነው እቴ?" አልኋት።

በሩን አየች፤ አግዳሚው ላይ የተቀመጡትን አየች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ወለተ ኪዳን" አለችኝ። ጎረቤት የማያውቀውን ስሟን ነው የሰጠችኝ። ብዙ ሰው እንዲህ ያደርግ ነበር፤ የአገሩ ሰው አጠገቡ ቢቀመጥ እንኳ ስሙን ሰምቶ ወሬ ይዞ እንዳይሄድ።

"ዛሬስ ወለተ ኪዳን በዛችልን" ብዬ ጻፍሁት። ሁለት ብልቃጥ፣ ሁለት ወለተ ኪዳን፣ በአንድ ዓይነት ፊደል።

ውጤት እስኪደርስ ድረስ ይህችው ነፍሰ ጡር ከመቀነቷ የገብስ ቆሎ ፈትታ ዘገነችልኝ። "እንኩ እትዬ፣ ይቅመሱ። የጮቄ ገብስ ነው፣ ጥርስዎን ይጠብቁ።" ወደ አገሯ ወደ ሮብ ገበያ የሚመለሰው መኪና እንዳያመልጣት ፈርታለች። ነፋስ የቤተ ክርስቲያናቸውን ጣራ ነቅሎ ገደል እንደጨመረው፣ ታቦቱ ድንኳን ውስጥ እንዳለ ነገረችኝ። ነጻ ከሆነች አንድ ቆርቆሮ ለጣራው ተስላለች። ከቀትር በኋላ ወረቀቷን ይዛ ስትወጣ ትከሻዬን ስማኝ ሄደች። ነጻ ነሽ ተብላለች።

ሰኞ ጠዋት ፀደንያ ብቻዋን ወደ ላብራቶሪው ገባች። ወለል እያጠብሁ ነበር።

"እትዬ፣ ሐሙስ ደሜን የያዙት እርስዎ ነዎት?"

"ብልቃጡን የያዝሁት እኔ ነኝ።"

"እንግዲያው እንደገና ይያዙልኝ።" አላለቀሰችም። "ውጤት የምትነግረው አማካሪዋ ደምሽ ውስጥ አለ አለችኝ። አባቴን ውጤቱ አልደረሰም አልሁት። ይኸው ከግቢው ውጭ ተቀምጦ ዳዊት ይደግማል። ሰርጌ እሑድ ነው። ሦስት ቀን አለቀስሁ፤ አሁን እንባዬም አለቀ። ወንድ አላውቅም። መርፌ ተወግቼ አላውቅም። እስቲ ከየት ይመጣል?"

የደብሯን ደብዳቤ አሁንም በእጇ ይዛዋለች። ወለተ ኪዳን ይላል፤ ያን ስም ሐሙስ ዕለት ሁለት ጊዜ ጽፌዋለሁ። መጥረጊያውን ጣልሁና ወደ ታረቀኝ ገባሁ። ማይክሮስኮፑ ላይ አቀርቅሯል።

"ታረቀኝ፣ አጥፍቻለሁ።"

"ምን ሰበሩ?"

"ምንም አልሰበርሁ። ሁለት ሰው ቀላቀልሁ።"

ቀና አለ። ነገርሁት። አልጮኸብኝም፤ ቢጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። ፀደንያን አስቀምጦ ራሱ ቀዳላት፣ ራሱ መረመረው። የለም። እንደገና ቀዳ። የለም። አዲስ ወረቀት ጻፈላት፤ ልጅቱ ወረቀቱን ጉንጯ ላይ ለጥፋ ቆመች። መሪጌታ ቢተው ምንም ሳያውቁ መጥተው መረቁን። "ሥራችሁ ይባረክ። ብቻ ትዘገያላችሁ" አሉና ልጃቸውን ይዘው ሄዱ።

ታረቀኝ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። "ተመስገን። ተስተካከለ።"

"ምኑ ነው የተስተካከለ? ሌላይቱስ?"

መዝገቡን ከመደርደሪያው አወረደ። ያ የታመመ ደም ከሰማይ አልወረደም። ባለቤት አለው፤ ባለቤቱም ነጻ ነሽ የሚል ወረቀት ይዛ ጮቄ ላይ ተቀምጣለች፣ የሰባት ወር ሆድ ይዛ። የደም ብልቃጥ አይታጠብም፤ የእሷንም ዐርብ ዕለት እኔው ራሴ ከቆሻሻው ጋር አቃጥዬዋለሁ። መዝገቡን ገለጥነው። አድራሻ ከሚለው ሥር ያለው "ሮብ ገበያ" ብቻ ነው።

"ለመውለድ ስትመጣ እናገኛታለን፤" አለ ታረቀኝ።

"የሮብ ገበያ ሴት ለመውለድ እዚህ ትመጣለች? ያውም ነጻ ነሽ ብለን ሸኝተናት? ምን ጎድሎባት?"

"እትዬ፣ ነገሩ ቀላል አይደለም። የሰው ምስጢር ይዘው ገበያ ሊወጡ ነው? ቢታወቅባት ባሏ ያባርራታል። እርስዎም ይባረራሉ፣ እኔም እባረራለሁ።"

"የዓለም ስሟን እንኳ አላውቀው፤ ምን አወጣለሁ?"

"ታዲያ እንዴት ያገኟታል?"

"እሱን ለእኔ ተወው።"

"እዚህ መቶ ሰው ተሰልፏል። እርስዎ ከሄዱ ማን ያጥባል?"

"አንተ። ሳሙናው ከመስኮቱ ሥር ነው።"

ረቡዕ ሳይነጋ አይሱዙ ላይ ወጣሁ። ከድንች ጆንያ ላይ ተቀምጬ፣ ነጠላዬን አፌ ላይ ጠምጥሜ ሮብ ገበያ ደረስሁ። ገበያው ሞልቷል። ወለተ ኪዳን ብዬ ብጣራ ገበያው ግማሹ ዞሮ ያየኛል፣ ነገሩም ይበላሻል። ስለዚህ የእሷን ነገር ትቼ የጣራውን ነገር ያዝሁ። አንዲት ድንች ሻጭ ጠየቅሁ።

"እመቤቴ፣ ነፋስ ጣራውን የነቀለው ቤተ ክርስቲያን የት ነው?"

"እዚያ ላይ ነው። ምን ልታደርጊበት?"

"ስለት አለብኝ።"

"ስለት ያለበት ሰው ቆርቆሮ ተሸክሞ ነዋ የሚመጣ! አንቺ ነጠላ ብቻ ይዘሽ መጣሽ፤" ብላ አሳቀችብኝ። መንገዱን ግን አሳየችኝ። ሁለት ሰዓት ሽቅብ ነው። ነፋሱ ሰውንም የሚነቅል ነው።

የደብሩ ቄስ ዘመነ ይባላሉ። ድንኳኑ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ተከናንበው አገኘኋቸው። መስቀል ተሳለምሁ።

"ከየት ነሽ ልጄ?"

"ከከተማ ነኝ አባ። አንዲት የንስሐ ልጅዎን እፈልጋለሁ። ወለተ ኪዳንን።"

ሳቁ። "ዐሥራ አንድ አሉኝ። የትኛይቱን ላምጣልሽ?"

"ነፍሰ ጡሯን።"

"ሁለት ናቸው።"

"ባለፈው ሐሙስ ከተማ የወረደችውን።"

ሳቃቸውን ተዉት። "ምን አድርጋሽ ነው?"

"እሷ ምንም አላደረገችኝ። እኔ ነኝ ያደረግኋት።"

"ምን አደረግሻት?"

"አልነግርዎትም አባ።"

"እኔ እኮ ቄስ ነኝ!"

"አውቃለሁ። የንስሐ ልጅዎ የነገረችዎትን እርስዎ ለእኔ ይነግሩኛል?"

"እንዴት ተብሎ!"

"እኔም እንደዚያው ነው። የምሠራበት ቤት የገባ ነገር አይወጣም።"

"የት ነው የምትሠሪው?"

"እሱንም አልነግርዎትም።"

ጋቢያቸውን ከጆሯቸው ገለጥ አድርገው አዩኝ። "ግትር ነሽ" አሉ።

"እናቴም እንዲሁ ትለኝ ነበር።"

"እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከዚያ ዝግባ ሥር ቁሚ። እኔ ማንንም አላሳይሽም። ለእሷ ግን የከተማ ሴት ትጠብቅሻለች እላታለሁ። ብትፈልግ ትመጣለች፣ ባትፈልግ ትቀራለች።"

"ባትመጣስ?"

"ባትመጣ ምን ታደርጊያለሽ?"

"በሚቀጥለውም እሑድ እቆማለሁ።"

ሐሙስ ሥራ ስገባ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጠበቀኝ፤ ሳላስፈቅድ ስለቀረሁ። ፈረምሁና ወደ ብልቃጤ ሄድሁ። ታረቀኝ ረቡዕ ያጠባቸው ብልቃጦች ሳሙናቸው አልለቀቀም ነበር፤ ሁሉንም እንደገና አጠብኋቸው። ዐርብ ፀደንያ የሰርግ ጥሪ ላከችልኝ፤ "እትዬ ወለላ ካልመጡ እቀየማለሁ" ብላ። እሑድ እሷ ዲማ ላይ ስትዳር እኔ ጮቄ ላይ ዝግባ ሥር ቆሜ ነበር።

ሴቶቹ በጎኔ አለፉ። አንዲት፣ ሁለት፣ ሃያ። እግሬ ደነዘዘ። ሰዉ ከተበተነ በኋላ ባናዋን ደርባ ስትመጣ አየኋት። ስታየኝ ፊቷ በራ።

"እትዬ! ምን እግር ጣለዎት? ቆሎው ጣፈጠዎት እንዴ?"

"ተቀመጪ እቴ።"

"ደህና ነኝ፣ ልቁም።"

እንደቆመች ነገርኋት። "ያን ቀን እዚያ ሌላ ወለተ ኪዳን ነበረች። ብልቃጣችሁ ላይ ስም ብቻ የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ ቁጥር ጻፊ ተብዬ እንቢ ብዬ። የማን ደም የማን እንደሆነ ተደባልቋል። የእሷ እንደገና ታይቷል። የአንቺ ቀርቷል።"

አልገባትም። ቀስ ብሎ ሲገባት ዓይኗ ላይ አየሁት።

"መጀመሪያ እሷን ምን አሏት?"

"የእሷን ላንቺ አልነግርሽም። የአንቺንም ለእሷ አልነግራትም።"

"አልነገሩኝም። ግን ነገሩኝ።" ዝግባውን ተደገፈች። ከዚያ ቁጣዋ መጣ። "ከዚህ ዘወር ይበሉልኝ! እኔ ወረቀት አለኝ፣ ማኅተም ያለበት!" ከደረቷ አወጣችው፤ በጨርቅ ጠቅልላዋለች። "ስለቴን አድርሻለሁ። ያውና ቆርቆሮዬ!" አጽሙ በቀረው ጣራ ጠርዝ ላይ አንዲት አዲስ ቆርቆሮ ብቻዋን ታበራለች። "አሁን ወጥቼ ላውርዳት?"

"አታውርጃት።"

"ምን አድርጊ ነው የሚሉኝ ታዲያ?"

"ነገ መጥተሽ እንደገና ስጪ። ደምሽ በሽታው ከሌለበት ወረቀትሽ እውነተኛ ይሆናል፤ እኔን ሰድበሽ ትመለሻለሽ። ካለበት ደግሞ ምጥ ሲጀምርሽ የምትውጪያት ኪኒን አለች፤ ልጁ ሲወለድ የሚሰጠው ጠብታ አለ። ሐኪም ቤት ከወለድሽ ልጁ ሊተርፍ ይችላል። እዚህ ከወለድሽ ግን የሚከላከልለት የለም።"

"ሁልጊዜ ይተርፋል?"

"ሁልጊዜ አይደለም።"

"'አዎ' ነው እኮ የሚባል፣ እትዬ። ሰው እንዲህ ሲሆን 'አዎ' ይባላል።"

"አንድ ጊዜ የተሳሳተ ነገር ሰጥቼሻለሁ። ሁለተኛ አልሰጥሽም።"

እጇን ሆዷ ላይ አሳረፈች። ነፋሱ ቆርቆሮዋን ያንኳኳል። ሂጂ ብትለኝ የምሄድ አልነበርሁም። እሷም ከፊቴ ያወቀችው መሰለኝ።

"መኪናው ስንት ሰዓት ነው?"

"ጠዋት አንድ ሰዓት።"

"በስሜ እንዳትጠሩኝ።"

"በቁጥር ነው የምጠራሽ" አልኋት።

ሰኞ መጣች። ፕላስተሩን እኔ ቆረጥሁ፤ አርባ አራት ብዬ ጻፍሁበት፤ ወረቀቷም ላይ አርባ አራት፣ እጇ ላይ በሰጠኋት ቁራጭም ላይ አርባ አራት። ታረቀኝ ከመቅዳቱ በፊት ቁጥሯን ራሷ እንድትናገር አደረግሁ። ሦስት ጊዜ መረመረው፤ በሦስተኛውም ነገሩ ያው ሆነ፤ አለባት። ወደ አማካሪዋ ክፍል ገብታ ቆየች። ስትወጣ አልሰደበችኝም፣ ትከሻዬንም አልሳመችኝም። "የምወልድ ለት እዚህ ይኖራሉ?" አለችኝ ብቻ። እኖራለሁ አልኋት። ባሏ ሲሰማ ያለውን እሷ ከፈለገች ትንገራችሁ፤ የእኔ አይደለም።

መጋቢት ላይ መጣች፤ ምጡ ሳይጀምራት ሦስት ቀን ቀድማ። ኪኒኗን በሰዓቱ ዋጠች። ወንድ ልጅ ወለደች። ጠብታውን ሲሰጡት ፊቱን አጨማደደ፣ እሷ ሳቀች። ከዚያ በኋላ መጠበቅ ብቻ ነበር። በእኛ ምርመራ የልጁ ደም የራሱን እውነት የሚናገረው ዓመት ከመንፈቅ ሲሞላው ነው፤ እስከዚያ የሚያሳየው የእናቱን ነው።

እስከዚያ ድረስ የላብራቶሪውን ሰው ሁሉ አስመረርሁ። ቁጥር የሌለው ብልቃጥ ከማንም እጅ አልቀበልም። የሚለጠፈው ቁጥር ሲያልቅ ጠዋት ቀድሜ እየገባሁ ሁለት መቶ ፕላስተር ቆርጬ፣ ጽፌ፣ የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ደርድሬ እጠብቃለሁ። መቅደላዊት አንድ ቀን "እትዬ፣ ሰው ከብት ነው እንዴ?" ብላ ቀለደችብኝ። ሃያ ሰባት የሚለውን ቁጥር ስጽፍ አሁንም ያ መኪና ይመጣብኛል። ቢሆንም እጽፈዋለሁ፤ ያውም አሳምሬ።

በ2000 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ወለተ ኪዳን ልጇን አዝላ መጣች። ጡት ካቆመ ቆይቷል። ልጁ ቁጥሩን መናገር ስለማይችል እናቱ ተናገረችለት፤ ሰባ ሦስት። ታረቀኝ ደሙን ጠብ አድርጎ ሰዓቱን አየ።

"እትዬ፣ ከዚህ ይሂዱ። ብርሃን ከለሉኝ።"

"አልሄድም።"

"ዐሥራ አምስት ደቂቃ ነው።"

"ለእሷ ዓመት ከመንፈቅ ነው። እቆማለሁ።"

ቆምሁ። አንድ መስመር ወጣ። በሽታው ሲኖር ሁለተኛው የሚወጣበት ቦታ ነጭ እንደሆነ ቀረ። ታረቀኝ መዝገቡን፣ ወረቀቱን፣ ፕላስተሩን አየ፤ እኔም አየሁ፤ ሰባ ሦስት፣ ሰባ ሦስት፣ ሰባ ሦስት። ውጤት መንገር የአማካሪዋ ሥራ ነውና ወረቀቱን ለእሷ ሰጣት።

እኔ ባልዲዬን ይዤ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። ወለተ ኪዳን አግዳሚው ላይ ቆሎ ይዛ ተቀምጣለች፤ ልጁ የመጥረጊያዬን እንጨት ያዘና አልለቅም አለ። ፊቴን አየችው። አፌን ዘጋሁ። እሷም አልጠየቀችኝም፤ ቆሎውን ዘግና ዘረጋችልኝ።

"ቁጥር ሰባ ሦስት!" አለች አማካሪዋ ከበሩ።

"አቤት!" ብላ ልጇን አንስታ ገባች።